ጋዜጣውን እጠፊው

ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ ሁለት ቀን የዓመት ፈቃድ ጎድሎብኛል ብዬ ለመሥሪያ ቤቴ አቤቱታ ጻፍኩ። ገጽ ተኩል የሞላ አቤቱታ ነበር። “በአዋጁ በግልጽ እንደተደነገገው” የሚለውን ሐረግ ሦስት ቦታ አስገብቼበታለሁ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 77 ያለበትን ገጽ ፎቶ ኮፒ አስነሥቼ፣ አንቀጹን ከአናቱ እስከ እግሩ በቢጫ ሃይላይተር ቀብቼ አባሪ አደረግኩት። ወረቀቱ የመስቀል አበባ መስሎ ነበር።

የሰው ኃይል ኃላፊያችን ቁጡ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ነገሩ ይቀልልኝ ነበር። እርሳቸው ግን ወንበር ስበው አስቀመጡኝ፤ ሻይ አዘዙልኝ፤ አባሪዬን ወደ እኔ አዙረው ከሸሚዛቸው ኪስ አውራ ጣት የምታህል እርሳስ አወጡና ከዚያ ሁሉ ቢጫ መካከል አንዲት ቃል ብቻ ከበቡ።

“ይህችን አይተዋታል?” አሉኝ።

“ሁለት” ትላለች።

አዋጁ የሚለው እንዲህ ነው፦ አንድ ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ 16 የሥራ ቀናት ፈቃድ ያገኛል፤ ከዚያ በላይ ሲያገለግል በየሁለት ተጨማሪ ዓመቱ አንድ የሥራ ቀን ይታከልለታል። እኔ ያነበብኩት “በየተጨማሪ ዓመቱ” ብዬ ነው። አምስት ዓመት አገልግያለሁ። በእኔ ስሌት 16 እና 4፣ ሃያ ቀን። በአዋጁ 16 እና 2፣ ዐሥራ ስምንት ቀን። የተሰጠኝም ዐሥራ ስምንት ነበር። ሻዩን ሳልጨርስ ተነሣሁ። ሳላማስለው የቀረው ስኳር ብርጭቆው ሥር ረግቶ እንደነበር እስከ ዛሬ ትዝ ይለኛል።

ነገሩን የሚያብሰው ደግሞ ሥራዬ ነው። ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ ባለ አንድ አስመጪ ድርጅት ውስጥ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። በየወሩ የባንክ ሒሳብ ማስታረቂያ ስሠራ የባንኩን መግለጫ በግራ፣ የእኛን መዝገብ በቀኝ አድርጌ እያንዳንዷን መስመር በእርሳስ ራይት አደርጋለሁ። ራይት ያልተደረገባት መስመር አልታየችም ማለት ነው፤ በቃ፣ ክርክር የለውም። አንድ ጀማሪ መጥቶ መግለጫውን በሙሉ ቢጫ ቀብቶ “አይቼዋለሁ” ቢለኝ ወረቀቱን መልሼ እጁ ላይ ነው የማስቀምጥለት። በራሴ ፈቃድ ላይ ግን እኔው ራሴ ያንን ጀማሪ ሆኜ ተገኘሁ።

ከሜክሲኮ እስከ ለገሃር በእግሬ እየሄድኩ ነገሩን ሳብላላው እንዴት እንደተሳሳትኩ ገባኝ። ቀድሞ ሌላ ድርጅት ስሠራ የነበረው አዋጅ 377/1996 ነው። በእርሱ ለመጀመሪያው ዓመት 14 ቀን፣ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት አንድ ቀን ነበር። ያ ስሌት ውስጤ ሥር ሰዷል። አዲሱን አዋጅ ስከፍት ዓይኔ አዲሱን ወረቀት እያየ አእምሮዬ አሮጌውን አነበበ። እጄ ደግሞ በቢጫ ቀለም አጸደቀው። ሃይላይተር ትልቁ በደሉ ይህ ይመስለኛል፤ እጅን ሥራ ያስይዝና አእምሮን እንቅልፍ ያስተኛል። በማግሥቱ ገጹን ስትከፍቱት ቀለሙ “ታውቂኛለሽ እኮ” ይላችኋል። አውቀዋለሁ፤ ቀለሙን ነው የማውቀው።

ያቺ የእርሳስ ክብ ያስታወሰችኝ ሰው ጋሼ ናቸው።

ጋሼ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነበሩ። ጎጃም ቅኔ ተቀኝተው፣ ከዚያ መጽሐፍ ቤት ገብተው ሐዲሳትን ከነትርጓሜያቸው የተማሩ ሰው ናቸው። በስተርጅና አራት ኪሎ ከእኛ ጋር ሲኖሩ ዓይናቸው ደክሞ ስለነበር አዲስ ዘመን ጋዜጣን የማነብላቸው እኔ ነበርኩ። የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነኝ፤ ውጪ ልጆች ሱዚ ይዘላሉ፤ እኔ ደጃፍ ላይ ዱካ ተቀምጬ ስለ ማዳበሪያ ስርጭት አነባለሁ። አንዱን ዜና ስጨርስ ጋሼ ሁልጊዜ የሚሉት አንድ ነገር ነበር።

“ጋዜጣውን እጠፊው።”

አጥፌ ጉልበቴ ላይ አስቀምጣለሁ።

“እሺ፤ ምን አለ?”

“ስለ ማዳበሪያ ነው፣ ጋሼ።”

“‘ስለ’ አትበዪኝ። ስለ ምን እንደሆነማ ርእሱ ነግሮኛል። ምን አለ?”

ያን ጊዜ ነው ላብ የሚያጠምቀኝ። አሁን ያነበብኩት፣ በራሴ አንደበት ቃል በቃል የወጣ ነገር፣ የለም። የጋዜጣውን ጠርዝ በሁለት ጣቴ ገለጥ አድርጌ ለማየት ስሞክር ኮሽታውን ይሰማሉ። ዓይናቸው እንጂ ጆሯቸው አልደከመም። “ተይው፤ እንደገና አንብቢው” ይላሉ። በሁለተኛው ንባብ ላይ እንዴት አድርጌ እንደማነብ ብታዩ! ማን? ስንት ኩንታል? ለየትኛው አውራጃ? መቼ ይደርሳል ተባለ? በመጀመሪያው ንባብ የት እንደነበርኩ ግራ እስኪገባኝ ድረስ ቃላቱ እየተነሡ ፊቴ ይቆማሉ።

እርሳቸው ይህን የፈጠሩት ለእኔ ብለው አልነበረም። የተማሩት እንደዚያ ነው። በመጽሐፍ ቤት ተማሪው መጀመሪያ ንባቡን ይይዛል፤ ከዚያ መምህሩ አንድ ትርጉም ይሰጣሉ፤ ቀጥለው “አንድም” ብለው ሌላ ይሰጣሉ፤ ደግመው “አንድም” ይላሉ። ተማሪው ይህን ሁሉ በቃሉ ይዞ ነው የሚወጣው። ጋሼ መጽሐፍ ላይ ምልክት ሲያደርጉ አይቼ አላውቅም። ኅዳጉ ጭንቅላታቸው ውስጥ ነበር። የእኔ ጭንቅላት ኅዳግ የለውም፤ እርሳስ የሚያስፈልገኝ ለዚህ ነው።

ከአቤቱታዬ ውርደት በኋላ ነገሩን ትንሽ አንብቤበታለሁ። በፈረንጆቹ 2013 ጆን ደንሎስኪ የሚባሉ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ተማሪዎች የሚጠቀሙባቸውን 10 የአጠናን ዘዴዎች፣ ቀድሞ ከተሠሩ ጥናቶች እየለቀሙ መዝነዋል። ማስመርና ቀለም መቀባት ዝቅተኛ ደረጃ ተሰጠው። ደግሞ ደጋግሞ ማንበብም እንዲሁ። ደስ አለኝ። ወረድ ስል ግን ማጠቃለልም ዝቅ ያለ ደረጃ ተሰጥቶታል፤ ምክንያቱ አብዛኛው ተማሪ ሳይሠለጥንበት አሳምሮ ማጠቃለል ስለማይችል ነው ይላል። ይሄኛው አልተዋጠልኝም፤ እኔ አስተዋጽኦ፣ ማለትም የጽሑፉን ፍሬ ሐሳብ በአጫጭር መስመር፣ ማውጣት እወዳለሁና። ከፍተኛ ደረጃ ያገኙት ሁለት ናቸው፦ ራስን መፈተንና ጥናትን ቀናት ከፋፍሎ ማካሄድ። ራስን መፈተን ማለት መጽሐፉን ዘግቶ “ምን አለ?” ማለት አይደለምን? ጋሼ ዱካ ላይ አስቀምጠው ሲያስለቅሱኝ የኖሩት በዚህ ነው።

ስለዚህ አሁን የማነበው እንዲህ ነው። ለሥራ፣ ለመብት ወይም ለፈተና የሚሆን ጽሑፍ ከሆነ መጀመሪያ ያለ እርሳስ አንድ ጊዜ እወጣዋለሁ፤ ምን ዓይነት አገር እንደሆነ ለማየት ያህል። በሁለተኛው ዙር እርሳስ ይዤ እገባለሁ፤ የምጀምረው ግን ከኋላ ነው።

ይህ እንግዳ ሊመስል ይችላል። የአማርኛ ዐረፍተ ነገር ግሡን መጨረሻ ላይ የሚያስቀምጥ መሆኑን ሁላችንም በሰዋስው ክፍለ ጊዜ ተምረን ረስተነዋል። በአጭር ንግግር ችግር የለውም። አዋጅ፣ መመሪያ፣ የቤት ኪራይ ውል ወይም የባንክ ብድር ስምምነት ላይ ግን አንዱ ዐረፍተ ነገር አምስት መስመር ይሄዳል። “ተከራይ በዚህ ውል በተመለከተው ጊዜ ውስጥ ለአከራይ ቀደም ብሎ በጽሑፍ በማሳወቅ ያለባቸውን ቀሪ ሒሳብ በማጠናቀቅ ቤቱን በተረከቡበት ሁኔታ…” እያለ ይቀጥላል። “ማስረከብ ይችላሉ” ይሁን “የማስረከብ ግዴታ አለባቸው” የምናውቀው ትንፋሻችን ካለቀ በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ አእምሯችን የሚመቸውን ግሥ ራሱ ተክቶ ጨርሷል። ስለዚህ እኔ አራት ነጥቡን እፈልጋለሁ፤ አንድ ወይም ሁለት ቃል ወደ ኋላ እመለሳለሁ፤ ያንን ግሥ አሰምርበታለሁ። ይችላል፣ አለበት፣ አይችልም፣ አይገደድም፣ እንደሆነ ይቆጠራል። ከዚያ ወደ መጀመሪያው ተመልሼ “ማን?” እላለሁ። ከዚያ በኋላ ነው መካከሉን የማየው። መካከሉ ውስጥ “ካልሆነ በቀር”፣ “ብቻ”፣ “ቢያንስ”፣ “ሆኖም”፣ “ወይም” ካሉ እያንዳንዳቸው ክብ ይሠራላቸዋል። በፊደል የተጻፈ ቁጥር ካለ በኅዳጉ ላይ በአኃዝ እገለብጠዋለሁ። ይህን ያኔ አድርጌው ቢሆን በአንቀጽ 77 ጎን አንዲት “2” ትቆም ነበር፤ ሻዩንም ቤቴ እጠጣ ነበር።

ሌላው ምልክቴ ጥቂት ነው። ራይት ማለት ገብቶኛል። የጥያቄ ምልክት ማለት አልገባኝም፤ ሁለት የጥያቄ ምልክት ማለት ገብቶኛል፤ ግን አልተስማማሁም። ከዚያ በላይ ምልክት ያበዛ ሰው ምልክቱን ማስታወስ ሌላ ትምህርት ይሆንበታል።

የእህቴ ልጅ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነው። እሑድ እሑድ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አብረን እንሄዳለን። በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው ከፓርላማው ፊት ለፊት ያለው ማለቴ ነው። እዚያ የቤተ መጻሕፍቱ መጽሐፍ ላይ መጻፍ ነውርም ክልክልም ነው፤ እኔ ገጽ ቁጥር እየጻፍኩ በቁራጭ ወረቀት እሠራለሁ። ልጁ ግን የራሱን የታሪክ መጽሐፍ ይዞ፣ አራት ቀለም ሃይላይተር ጠረጴዛው ላይ ደርድሮ ሲቀመጥ ሠዓሊ ይመስላል።

“ብርቱካናማው ለምንድን ነው?” አልኩት።

“በጣም ዋና ለሆነው ነው፣ አክስቴ።”

“ቢጫውስ?”

“ለዋናው።”

“ሮዙስ?”

“ለፈተና ሊመጣ ለሚችለው።”

“ያልተቀባውስ ለምንድን ነው?”

ገጹን ወዲያና ወዲህ አገላበጠና “ያልተቀባው… የገጽ ቁጥሩ ነው” አለኝ። ሁለታችንም በሣቅ ስንፈነዳ አጠገባችን ያለችው ልጅ ገላመጠችን።

መጽሐፉን አስዘጋሁት። የዘጋው ስለ ውጫሌ ውል የሚያወራውን ክፍል ነበር። ወረቀት ሰጥቼ “አስተዋጽኦውን አውጣ” አልኩት። ጻፈ፦ “ስለ ውጫሌ ውል። ስለ አንቀጽ 17። የዓድዋ ጦርነት መንስኤዎች። የዓድዋ ጦርነት ውጤቶች።” በአራት መስመር ምንም አላለም። ይህ አስተዋጽኦ ሳይሆን ማውጫ ነው፤ ማውጫውን ደግሞ አሳታሚው ከመጽሐፉ ፊት አትሞልናል። በጋሼ ሕግ ዳኘሁት፦ በ“ስለ” የሚጀምር መስመር አይፈቀድም፤ ግሥ የሌለው መስመር አይቆጠርም።

ሩብ ሰዓት ያህል ታገለ። አንድ ጊዜ መጽሐፉን ለመክፈት እጁ ሲሄድ ኮሽታውን ሰማሁ። በመጨረሻ ያወጣው ይህ ነው፦ “የውጫሌ ውል ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ተፈረመ። አንቀጽ 17 በአማርኛው፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ የጣልያንን መንግሥት መጠቀም ይችላሉ ይላል። በጣልያንኛው ግዴታ ያደርገዋል። ጣልያን በዚህ ተነሥታ ኢትዮጵያ በእኔ ጥበቃ ሥር ናት አለች። ምኒልክ ውሉን አልቀበልም አሉ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓድዋ ላይ ተዋጉ፤ ጣልያን ተሸነፈች።” ወረቀቱን ቀና ብሎ አየው።

“ታዲያ ያጣላቸው ግሥ ነው ማለት ነው?”

“መጽሐፉን ክፈትና ራሱን ጠይቀው” አልኩት። ከፈተ፤ አነበበ፤ ሃይላይተሮቹን ገፋ አድርጎ የእኔን እርሳስ ወሰደና በኅዳጉ ላይ “ሰበብ ወይስ ምክንያት?” ብሎ ጻፈ። ጣልያን ያንን ግሥ ባታገኝ ኖሮ ሌላ ታጣ ነበር ወይ ማለቱ ነው። ከአራቱም ቀለም ያላገኘው ጥያቄ ነው። እኔ ዝም አልኩ፤ አክስት ስትሆኑ ዝም ማለትም መልመድ አለባችሁ።

የአስተዋጽኦ ወረቀቴን በተመለከተ፣ ቢሮ የተረፈ የሒሳብ ቅጽ ነው የምጠቀመው። በግራ በኩል ለቀንና ለቫውቸር ቁጥር የተተወ ጠባብ ዓምድ አለው፤ እዚያ ጥያቄ እጽፋለሁ። ሰፊው ዓምድ ላይ መልሱን። ከታች “ድምር” የሚለው ቦታ ላይ አንድ ዐረፍተ ነገር። ሲያጠኑ ሰፊውን ዓምድ በእጅ ሸፍኖ ግራውን እያዩ መመለስ ነው። ይህን ብልሃት የፈጠርኩት እኔ መስሎኝ ስኮራ ቆይቼ፣ ለካ ዋልተር ፖክ የሚባሉ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ መምህር በፈረንጆቹ 1950ዎቹ ተማሪዎቻቸውን ይህንኑ ያስተምሩ ኖሯል። ይሁን፤ እርሳቸው “ድምር” የሚል ቅጽ አልነበራቸውም።

ያቺን የፈቃድ ጉዳይ በዚሁ ቅጽ እንደገና ሠራኋት። አዋጁን ዘግቼ ያወጣሁት የመጀመሪያው ሙከራ “የፈቃድ መጠን፣ የፈቃድ አሰጣጥ፣ ፈቃድ ስለ ማስተላለፍ” የሚል ነበር፤ የእህቴን ልጅ የምቀጣበትን ጥፋት ራሴ ፈጸምኩት። ቀደድኩት። ሦስተኛው ሙከራ ይህን ይመስላል፦

ሀ. አንድ ዓመት ያገለገለ 16 የሥራ ቀናት ያገኛል፤ በየ2 ተጨማሪ ዓመቱ 1 ቀን ይታከላል።
ለ. ፈቃዱ በገንዘብ አይለወጥም፤ የሥራ ውሉ ሲቋረጥ ግን ያልተወሰደው ይከፈላል።
ሐ. ፈቃዱ ሊተላለፍ ይችላል፤ ከ2 ዓመት በላይ ግን አይተላለፍም።

በዚህ ላይ ያየሁትን ቢጫው ወረቀት ላይ በጭራሽ አላየሁትም። “2” ሁለት ናት። የመጀመሪያዋ በዝግታ ትሰጣለች፤ ሁለተኛዋ ካልነቁባት ትወስዳለች። እኔ በመጀመሪያዋ ስጨቃጨቅ ለካ ካለፈው ዓመት ያስተላለፍኳቸው ቀናት በሁለተኛዋ በኩል ወደ ማለቂያቸው እየሄዱ ነበር። ጥር ላይ ወሰድኳቸው። የጥምቀት ሰሞን ጃንሜዳ አጠገብ ለሚኖር ሰው ከዚህ የተሻለ ፈቃድ የለም።

ሁሉን ነገር እንዲህ አነባለሁ ማለቴ አይደለም። ልብ ወለድ ተጋድሜ ነው የማነበው። አንዴ በእርሳስ ሞክሬ ባለታሪኳን እንደ ተከፋይ ሒሳብ ስከታተላት ራሴን አገኘሁት፤ ተውኩት።

እናቴ ግን እስከ ዛሬ መጽሐፍ ላይ መጻፌን አትወድልኝም። “መጽሐፍ ይከበራል እንጂ ይሞነጫጨራል?” ትለኛለች። ለእርሷ መልስ ይሆናል ብዬ የነገርኳት፣ በየገዳማቱና በየአድባራቱ ባሉ ጥንታዊ የብራና ወንጌሎች ኅዳግና ባዶ ገጾች ላይ የመሬት ስጦታ፣ የጉልት ድንበር፣ የምስክሮች ስም ተጽፎ መገኘቱን ነው። ወንጌሉ ስለሚከበር ነው እዚያ ላይ የሚጻፈው፤ የሚክድ እንዳይኖር። “እነርሱ ሲጽፉ ንስሐ ገብተው ነው” አለችኝ። ለዚህኛው መልስ የለኝም።

የሰው ኅዳግ ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ አሮጌ መጻሕፍት መሬት ላይ ዘርግተው የሚሸጡ ልጆች አሉ። አንዱ ደንበኛዬ ነው። ሥራ ሲቀዘቅዝ በእጁ ላጲስ ይዞ የመጽሐፍ ኅዳግ ሲፍቅ አገኘሁት። “ምን እያደረግህ ነው?” ስለው “የተጻፈበት መጽሐፍ አይሸጥም፣ እትዬ፤ እያጸዳሁት ነው” አለኝ። የያዘውን ነጠቅኩት ማለት ይቻላል። የፍትሐ ብሔር ሕግ ነበር፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው፣ ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ በፈረንሳይኛ አርቅቀውት ወደ አማርኛ የተመለሰው፣ 3367 አንቀጽ ያለው። የተጻፈበት ስለሆነ ቅናሽ አደረገልኝ። እኔ የከፈልኩት ለተጻፈው እንደሆነ አልነገርኩትም።

የቀድሞው ባለቤት፣ ወይም ባለቤቷ፣ ተማሪ መሆን አለበት። እስከ አንቀጽ 1674 ድረስ መጽሐፉ ንጹሕ ነው። 1675 ላይ፣ ውሎች በጠቅላላው የሚለው ክፍል ሲጀምር፣ ሐምራዊ እስክሪብቶ ይገባል። ውል እንዲጸና የሚያስፈልጉትን የሚዘረዝረው አንቀጽ 1678 ጎን “ችሎታና ፈቃድ። ጉዳይ። ፎርም።” ተብሎ ተጽፏል፤ ሦስቱንም በሦስት መስመር። ጋሼ ቢያዩት ግሡ የታለ ይሉ ነበር። “ፎርም” ከሚለው አጠገብ ግን “ሁልጊዜ?” የሚል ጥያቄ አለ፤ ከሥሩ በሌላ ቀለም፣ ምናልባት ከሳምንታት በኋላ፣ “አይደለም። ሕጉ ካዘዘ ብቻ።” ሰውየው ራሱን ጠይቆ ራሱ ሲመልስ ማየት የማያውቁትን ሰው ምሳ ሲበላ በመስኮት እንደማየት ነው፤ ያሳፍራል፣ ግን አይለቅም።

የሐምራዊው እስክሪብቶ ጽሑፍ የሚያቆመው አንቀጽ 1723 ላይ ነው። ይህ አንቀጽ የማይንቀሳቀስ ንብረትን ባለቤትነት የሚያስተላልፍ ውል በጽሑፍ መሆንና በሚመለከተው ዘንድ መመዝገብ እንዳለበት የሚደነግገው ነው። አልተሰመረበትም፤ አልተከበበም። በኅዳጉ ላይ፣ ከሌሎቹ ጽሑፎች ይልቅ በጥንቃቄ በተጻፈ ፊደል፣ እንዲህ ይላል፦

“የአባዬ ቤት። በቃል ነበር።”

ከዚያ በኋላ ያለው 3367 ድረስ ባዶ ነው።

ስንት ምሽት እንዳየሁት አላውቅም። አንድ ቀን፣ እንደ ድፍረት እየቆጠርኩት፣ በቀጭን እርሳስ ከሥሩ “ምስክር ነበረ?” ብዬ ጻፍኩ። ማን እንዲመልስልኝ እንደፈለግኩ እንጃ።

መጋቢት ላይ የሰው ኃይል ኃላፊያችን መጽሐፉን ጠረጴዛዬ ላይ አይተው ለሁለት ሳምንት ተዋሱኝ። በጋዜጣ ጠቅልለው መለሱልኝ። ቤት ገብቼ በቀጥታ 1723ን ገለጥኩ። አንቀጹን አልነኩትም። ለእኔ ጥያቄም መልስ አልጻፉም። ከሐምራዊው ጽሑፍ ላይ “በቃል” የምትለዋን ብቻ፣ አውራ ጣት በምታህለው እርሳሳቸው፣ ከበው አገኘኋት።